ሳይኮሎጂ ለደረሳችሁና ማስተርስ ለምታስቡ

ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በሳይኮሎጂ ተመርቄ አሁን ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ይህን የሰሙ የሰፈራችን የካምፓስ ልጆች ደረጃ ላይ ያስቆሙኛል። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ጂፒኤ ያስፈልጋል?»

ጂፒኤ ያስፈልጋል፣ አልዋሽም። ግን ጥሩ ጂፒኤ ይዞ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ኢንተርቪው ላይ «ምን ማጥናት ትፈልጊያለሽ?» ሲባል «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብሎ የሚያቆመውም እንደዚያው ብዙ ነው። ሰው መርዳት የማይወድ ማን አለ? ጠያቂዎቹ መስማት የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው። በእውነት የሚከነክናችሁ አንድ ጥያቄ አለ ወይ? ጥያቄውን ለመፈተሽስ እጃችሁን አስለምዳችኋል ወይ? እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ጂሲ (ተመራቂ) ከሆናችሁ በኋላ በአንድ ሴሚስተር አይመጡም።

መጀመሪያ ግን የትኛውን መንገድ እንደምትፈልጉ ለዩ። ሳይኮሎጂ ነው የምማረው ስትሉ ሰፈር ውስጥ ሁለት ዓይነት መልስ ትሰማላችሁ። አንዱ «በይ እስቲ ልቤን አንብቢልኝ» ነው። ሌላው «አማኑኤል ልትሠሪ ነው?» ነው። ሁለተኛው ያን ያህል ስህተት አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል ሳይኮሎጂስቶችም ይሠራሉ። ሳይካትሪስት ግን ሌላ ሙያ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ሆኖ፣ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሰው ነው። መድኃኒት ያዛል። ከሳይኮሎጂ ዲግሪ ተነስታችሁ እዚያ አትደርሱም፤ ያ ከሆነ ሕልማችሁ መንገዱ በሕክምና ትምህርት ቤት በኩል ነው።

በእኛ በኩል ክሊኒካል አለ፣ ካውንስሊንግ አለ፣ ሶሻል አለ፣ የልጆችና የዕድገት ሳይኮሎጂ አለ፣ የትምህርት ምዘና አለ። ከሰው ጋር ተቀምጦ ማውራት የማይመቻችሁ ከሆነ ካውንስሊንግ አትግቡ። ምዘናና ጥናት የሚወድ ሰው በጣም ይፈለጋል፤ ብዙ ድርጅት ፕሮጀክቱን የሚገመግምለት ባለሙያ ሲፈልግ ይውላል። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ «ቴራፒስት ነኝ» ማለት አይቻልም። ቲክቶክ ላይ የሚያማክሩትን ተዉአቸው።

ውጭ ለምታስቡ መንገዱ እንደየአገሩ ይለያል። አሜሪካ ውስጥ የክሊኒካል ፒኤችዲ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይገባል። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱን ክፍያ ሸፍነው የኑሮ ገንዘብም ይሰጣሉ፤ ውድድሩ ጭንቅ የሆነውም ለዚህ ነው። ሳይ ዲ የሚባለው ዲግሪ ደግሞ ለተግባር ሥራ ያደላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከኪስ የሚከፈል ነው። አውሮፓ ማስተርስ በአብዛኛው ሁለት ዓመት፣ እንግሊዝ አንድ ዓመት ነው። አሜሪካ ለፒኤችዲ ስታመለክቱ ለዩኒቨርሲቲው ብቻ አይደለም የምታመለክቱት፤ አብራችሁት ለምትሠሩት ፕሮፌሰር ጭምር ነው። እሱ የሚያጠናውና እናንተ የምትጠይቁት ካልገጠመ ማርካችሁ ብዙም አያድናችሁም። እንግዲህ ወደ ጥያቄው ተመለስን።

የኔ ጥያቄ የመጣው ከብሎካችን ነው። ቱሉ ዲምቱ ከመሃል ከተማ የመጡ እናቶች ሞልተዋል። አንዳንዶቹ ዕጣ ደርሷቸው፣ አንዳንዶቹ ሰፈራቸው ፈርሶ ነው የመጡት። ድሮ አንድ ግቢ ውስጥ በር ሳይዘጋ፣ ቡናው በተራ ሲፈላ የኖሩ ናቸው። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ በራቸው ተዘግቶ ይውላል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውረድ ይከብዳቸዋል። ዕድራቸው ግን እስካሁን ድሮ ሰፈር ነው። ለቅሶ ሲኖር ታክሲ እያቀያየሩ፣ ቃሊቲን፣ ሳሪስን አልፈው ይሄዳሉ። ልጆቻቸው «እዚሁ ዕድር ግቢ፣ ምን ያንከራትትሻል?» ይሏቸዋል። እነሱ አይሰሙም።

እኔም ጠየቅኩ። የድሮ ዕድሩን ይዞ የቀጠለ ሰውና እዚህ አዲስ ዕድር የገባ ሰው፣ ብቸኝነታቸው ይለያያል? ሲኒየር ኤሴዬ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቴ፣ ይህች ነበረች። ትንሽ ናሙና ስለሆነ ውጤቱን ይዤ ትልቅ ነገር አላወራም። ሥራው ያስተማረኝ ግን ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጠይቅ የሚባለው ነገር ክፍል ውስጥ ቀላል ይመስላል። አምስት አማራጭ አለው፦ ከ«በጭራሽ አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ»። ተማሪ ይሞላዋል፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው እናት ግን አይሞሉትም። አንብቤላቸው ነበር የምጠይቃቸው። «እትዬ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ተከፍተዋል?» መልሱ «ተመስገን ልጄ» ነው። «ብቻዬን ነኝ ብለው ያስባሉ?» «ተመስገን፣ እግዚአብሔር አለ።» ከዚያ ቡናው ሲፈላ፣ ወረቀቱ ቦርሳ ሲገባ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደሌላቸው ይነግሩኛል። ይህን መረጃ የት ልጻፈው?

መፍትሔውን ያመጡት ከእናቶቹ አንዷ ናቸው። ምን ያህል እንደሚከፋቸው ስጠይቅ ረከቦቱ ላይ ያለውን ሲኒ አነሱና ጣታቸውን መሃሉ ላይ አድርገው «ይሄን ያህል» አሉኝ። ይህን ለአድቫይዘሬ ነገርኩት። «ሞክሪው፣ ግን መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ፈትሺው፣ ያደረግሽውንም በሙሉ ጻፊው» አለኝ። ካርቶን ላይ አምስት ሲኒ ሣልኩ፤ ከባዶ እስከ ሙሉ። እየጠቆሙ ይመልሱልኝ ጀመር። «ተመስገን» ማለቱ አልቀረም። ግን ተመስገን እያሉ ሙሉውን ሲኒ የሚጠቁሙ ነበሩ።

ኢንተርቪው ላይ የተጠየቅኩት ስለዚህች ካርቶን ነው። ለምን እንደሠራኋት፣ ከመደበኛው መጠይቅ ጋር ማነጻጸሬን፣ ማየት ለተሳናቸው ምን እንዳደረግኩ ጠየቁኝ። ስለ ጂፒኤዬ ማንም አላነሳም። ወረቀቱ ፊታቸው ነበር፣ አይተውታል።

ፈቃድ መጠየቅም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ ይዤ ወረዳ ሄድኩ፣ ከዚያ የዕድር ዳኞችን አነጋገርኩ። መጽሐፉ ተሳታፊው ስምምነቱን ይፈርም ይላል። ቤቱ ፈርሶበት የመጣን ሰው «እዚህ ላይ ይፈርሙ» በሉት እስቲ። ፊቱ ይለወጣል። ስለዚህ ስምምነቱ በቃል እንዲሆን ፕሮፖዛሌ ላይ ምክንያቱን ጽፌ አስፈቀድኩ። ይህ ይቻላል፣ ግን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ከብቸኝነቱ ጎን ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ ተጠቅሜያለሁ። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው፣ በአማርኛ ተተርጉሞ አገራችን ውስጥ ተፈትሿል። በነፃ ይገኛል፣ ስለዚህ ብዙ ተማሪ ያነሳዋል። ዘጠነኛው ጥያቄ ግን ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። አንድ ሰው «አዎ» ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ይህን ሳትመልሱ መጠይቁን ይዛችሁ ከቤት አትውጡ። እኔ ከመጀመሬ በፊት ከአድቫይዘሬ ጋር ተስማማን። ያንኑ ቀን ለእሱ እደውላለሁ፣ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ብቻቸውን ትቼ አልሄድም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ለቤተሰብ እነግራለሁ፣ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ አብሬ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወደ አማኑኤል ወይም ሌላ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሪፈር ይጻፋል። ተማሪ ነኝ፣ አላክምም። ሰምቼ መጠይቁን አጥፌ መሄድ ግን አይቻልም።

«የኛ ሰፈር ጉዳይ ለውጭ ፕሮፌሰር ምኑ ነው?» የሚል ልጅ አጋጥሞኛል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጆሴፍ ሄንሪክና ሁለት ባልደረቦቹ አንድ በጣም የታወቀ ጽሑፍ አወጡ። የሳይኮሎጂ ጥናት በአብዛኛው የቆመው በምዕራባውያን፣ በተማሩና በበለጸጉ ማኅበረሰቦች ላይ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ «የሰው ልጅ እንዲህ ነው» ማለት አይቻልም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላውን ዓለም የሚያውቅ ተማሪ ይፈለጋል። ከአዲስ አበባ ደቡብ ያለችው ቡታጅራም በአእምሮ ጤና ጥናት ስሟ በዓለም መጽሔቶች የሚጠራው እዚያው ገጠር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሥራ ስለተሠራ ነው። ኮዬ ፈጬም፣ ጀሞም፣ ለገጣፎም፣ ቡራዩም ጥያቄ ሞልቷል። ወጣቱ በቀን ስንት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ያልፋል? ይሄ ከትዳሩ፣ ከእንቅልፉ፣ ከልጆቹ ጋር ምን ያገናኘዋል? ማንሳት ነው።

ስታት (ስታትስቲክስ) ላይ ደግሞ በጣም አደራ። ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚጨነቀው ለማለፍ ነው፤ ቸክሎ ያልፋል፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይረሳዋል። ከዚያ ሲኒየር ኤሴይ ሲደርስ ዳታውን ለሚሠራ ሰው ከፍሎ ያሠራል። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ማስተርስ አትመኙ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ትሰቃያላችሁ። ኮርሱ ላይ ፎርሙላውን በእጅ መሥራት ጥሩ ነው፣ ግን ዳታ ከፍቶ እያገላበጡ ማየት ሌላ ነገር ነው። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የዳታ ፕሮግራም፣ በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ ተዉት፣ ቫይረስ ነው የምትሸከሙት። ጃሞቪና ጃስፕ የሚባሉ ፕሮግራሞች በነፃ ይወርዳሉ። አንዴ ከጫናችኋቸው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ እኛ ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጨከን ያለ ሰው አር (R) የሚባለውን የዳታ ፕሮግራም ይማር። እሱም ነፃ ነው፣ ውጭ ስትሄዱ ደግሞ በብዛት የሚጠቀሙት እሱን ነው።

ፕሮግራሙን መጫን ብቻውን አይበቃም። ፒ ቫልዩ፣ ማለትም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ፣ ከ0.05 አነሰ ማለት ግኝቱ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። ሰው ከበዛ ጥቃቅኑ ልዩነት ሁሉ «ጉልህ» ይሆናል። ስለዚህ የልዩነቱን መጠንም ማሳየት አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ አለ፤ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን ደገሙ። መጀመሪያ ሲታተሙ 97 ከመቶው ጉልህ ውጤት ነበራቸው። ሲደገሙ 36 ከመቶው ብቻ። ይህን የሚያውቅና ምክንያቱን ማስረዳት የሚችል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ኢንተርቪው ላይ ጎልቶ ይታያል። ፍሬሽማን ላይ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ስንማር የነበሩት ታዋቂ ሙከራዎች ሁሉ እንደ ቅዱስ ቃል ነበር የቀረቡልን።

ልምምዱን በክፍያም ማግኘት ትችላላችሁ። መምህራንና የፒኤችዲ ተማሪዎች ዳታ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ። አሁን ብዙው በታብሌት ወይም በስልክ፣ ኮቦ በሚባለው መተግበሪያ ነው የሚሠራው። አበሉ ኪስ አይሞላም። ግን አስቡት፤ በር ማንኳኳት ትለምዳላችሁ፣ መጥፎ ጥያቄ ምን እንደሚመስል በጆሯችሁ ትሰማላችሁ፣ ከሁሉም በላይ ተመራማሪው ሥራችሁን ያያል።

ይህ ወደ ሪኮመንዴሽን ይወስደኛል። ማመልከቻ ሁለት ወይም ሦስት ደብዳቤ ይጠይቃል። «ጎበዝ ተማሪ ነበረች፣ ኤ አግኝታለች» የሚል ደብዳቤ ትራንስክሪፕታችሁን ከመድገም ውጪ የሚጨምረው የለም። የሚጠቅመው ስትሠሩ ያየ ሰው የጻፈው ነው። በትልቅ ክፍል ውስጥ መምህር ፊታችሁን አያውቀውም፤ ቢሮው ሄዳችሁ ስለሰጠው ንባብ ጠይቁት። በሩ ላይ የተለጠፈውን ሰዓት አክብሩ። ደብዳቤ ስትጠይቁ ቢያንስ ከወር በፊት ይሁን። ሲቪያችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁን፣ ሲኒየር ኤሴያችሁን፣ የምታመለክቱበትን ፕሮግራምና ቀኑን በአንድ ኢሜይል ላኩለት። ደግሞም ውጭ ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ኢሜይል እንዲመጣ ይፈልጋሉ። መምህራችሁ የሚጠቀመው ጂሜይል ብቻ ከሆነ የዩኒቨርሲቲው አድራሻ እንዳለው ቀደም ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። «ይቅርታ መምህር፣ ሊያስቸግሩን ስለሚችሉ ነው» ማለት ይበቃል።

ከሰው ጋር መሥራት ለምትፈልጉ የበጎ ፈቃድ ሥራ አለ። አያት ያለው መቄዶንያ ጠዋሪ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚያነሳ ማዕከል ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል። ሄዳችሁ «ሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ፣ ላማክር» አትበሉ። ልብስ እጠቡ፣ ምግብ አቅርቡ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሲቪ ላይ ለመጻፍ አንድ ቅዳሜ ሄዶ ፎቶ መነሳት ግን ያሳፍራል። ኢንተርቪው የሚያደርግ ሰው በሁለት ጥያቄ ይለየዋል።

ንባብ። እንግሊዝኛው መጀመሪያ ይከብዳል፣ እናንተ ብቻችሁን አይደላችሁም፣ ሁላችንም ነን። አንድን ጥናት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከማንበብ አብስትራክቱን፣ ከዚያ ሠንጠረዦቹን፣ ከዚያ የመጨረሻውን ውይይት ማየት ይቀላል። ክፍያ የሚጠይቅ ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ለጸሐፊው ኢሜይል ላኩ፤ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የፒኤችዲ መመረቂያ ጽሑፎችን ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት እዚያ ፈልጉ፣ ያሰባችሁት ነገር ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ማውረድ ያለብኝን ከተማ ስገባ አወርድና ቤት መብራት ሲጠፋም ከስልኬ አነባለሁ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ከተከፈተ ወዲህ እንደኔ ላለው የዳር ሰፈር ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው። ቤት ከመሄድ እዚያ ማምሸት ይሻላል፣ የማታው የታክሲ ሰልፍም እስኪቀል ድረስ።

ፈተናዎቹን በአጭሩ ልናገር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ሳይኮሎጂ ውስጥ ከየኮርሱ ስለሚመጣ ሞጁሎቻችሁን አትጣሉ። ለማስተርስ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው ጋት አለ። እሱ ሳይኮሎጂ አይደለም፤ የቋንቋ፣ የቁጥርና የማመዛዘን ጥያቄ ነው። ብዙ የሶሻል ተማሪ የሚወድቀው ቁጥሩን ስለሚፈራ ነው ብዬ አስባለሁ። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ መከለስ ይበቃል። ውጭ ለሚያመለክት፣ ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ የሳይኮሎጂ ፕሮግራሞች ከኮሮና ወዲህ ትተውታል። ስለዚህ ዶላር ከመፈለጋችሁ በፊት የየፕሮግራሙን ገጽ አንብቡ። የማመልከቻ ክፍያም ቢሆን ኢሜይል ጽፋችሁ ብትጠይቁ የሚያነሱላችሁ አሉ። ዓይን አውጡ፣ ነውር የለውም።

ጂፒኤው ዝቅ ላለበት ሰው፦ መጀመሪያ ላይ ወርዶ በኋላ የወጣ ውጤት ከተገላቢጦሹ በጣም ይሻላል። በተለይ ስታትና የጥናት ዘዴ ኮርሶች ላይ ያላችሁን ውጤት ይመለከታሉ። አንድ ሁለት ዓመት ሠርቶ ማመልከትም አንድ መንገድ ነው። ካውንስሊንግ ለሚፈልግ እንዲያውም እኔ ሠርቶ መምጣትን እመርጣለሁ። ክፍላችን ውስጥ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የሠሩት ልጆች ሲናገሩ ይለያሉ።

የመጨረሻው የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ማንም ስለማይነግራችሁ ነው የምነግራችሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተማራችሁ ኮስት ሼሪንግ አለባችሁ። ስትመረቁ የሚሰጣችሁ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ነው፤ ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ክፍያው መስተካከል አለበት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ደግሞ ከሬጅስትራር በቀጥታ ወደምታመለክቱበት ቦታ ነው የሚላከው። ወረፋ አለው፣ ስለዚህ ዴድላይን ሳይደርስ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጉ። የስማችሁን፣ የአባታችሁን፣ የአያታችሁን ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ትራንስክሪፕታችሁ ላይ፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬታችሁ ላይና ፓስፖርታችሁ ላይ አስተያዩ። አንዲት ፊደል ብትለያይ ተማሪ ሳላችሁ ሬጅስትራር ሄዳችሁ አመልክቱ። ከተመረቃችሁ በኋላ ጣጣው ብዙ ነው።